ለባላባቱ የሚሆን ስድብ

ረሆቮት ውስጥ፣ ከጎማ ጥገናው በላይ፣
አሳንሰር በሌለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ሥራዬ ለሌለ ሰው አፍ መስጠት ነው፤
ዘንዶ ሲቆስል የሚለው፣ ጠንቋይ ስትሞት የምትናዘዘው።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ስድብ ጎደለኝ።
ትእዛዙ አጭር ነው፤ ወረቀቱ እንዲህ አለኝ፦
«ባላባት ድሮግማር፣ ሰይፉ ተሰብሮ፣
ፈረሱን ያቆማል ከቀጥቃጩ ጓሮ፤
ሳይወርድ ይሰድበዋል።»
በቃ። የቀረውን የምሞላው እኔ ነኝ።

ዩቫል አለቃዬ «ጠንከር ይበል» አለ፣
«ለአዋቂ ነው ጨዋታው፤ ማን የሚከለክል አለ?»
እኔም አልፈራሁም።
እናቱንም አልማርኩ፣ አያቱንም አልማርኩ፣
ከወገብ በታች ያለውን አንድ ሳላስቀር ቆጠርኩ፤
ከዐረብኛ ተበድሬ፣ ከሩስኛ ቀላቅዬ፣
አውቶቡስ ጣቢያ የሰማሁትን ለቃቅሜ
ሰባት መስመር ሞላሁ።

ግሪሻ፣ ድምፀ ነጎድጓዱ፣ ማይኩ ፊት ቆሞ አነበበው።
ሳቅን። የድምፅ ባለሙያዋ እንባዋን ጠረገች።
ዩቫል ብቻ አልሳቀም፦
«ይህ ባላባት አይደለም፤
መኪና ማቆሚያ የተቀማ ሰው ነው።»

ሌሊቱን የቤቴን ቋንቋ ሞከርኩ፦
«ድራሽህ ይጥፋ»፣ «መሬት ትዋጥህ»፣
«ዘር አይውጣልህ»፣ «ቀን ይጉደልብህ»።
ያምራሉ። ግን እርግማን ናቸው።
እርግማን ቀና ብሎ ሰማይን ይለምናል፤
ስድብ ጎንበስ ብሎ ሰው ያያል።
ባላባቱ ፈረስ ላይ ነው። ጎንበስ ማለት አለበት።

ሐሙስ ማታ ቂርያት ሞሼ፣ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።
በረንዳው ላይ የጎረቤት የሕፃን ጋሪ ገልብጦ
የጎበጠ ዘንጉን ያቃናል፣ በመዶሻ፣ በዝግታ።
«አባዬ፣ ስድብ አበድረኝ።»
«ለማን?»
«ለባላባት።»
«ማንን ሊሰድብ?»
«ቀጥቃጭ።»
መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

እኔ የማውቀው አባቴ ብርቱካን አሻጊ ነው፣ የሠላሳ ዓመት።
ወገራ ሳለ ቀጥቃጭ እንደነበር አውቃለሁ፣
የዘመድ በሽታ እንደሚታወቀው፣ ሳይጠየቅ።

«ባላባት» አለኝ፣ «አፉን አያበላሽም።
ማረሻው ሲዶለዱም ይመጣል፣ አይሸሽም፤
ገብሱን መሬት ያፈሳል፣ እጄ እጁን እንዳይነካው፤
ልጁ አብሮት ከሆነ፣ በጋቢው ጫፍ ከልሎት፣ ያኔ ነው የሚለው፦
‹ልጄን አትየው።›
ቀስ ብሎ። በትሕትና፣ እንደ ልመና።
ቡዳ የሚለውንማ ሰፈሩ ሁሉ ይለዋል፣ ይለመዳል፤
ይሄኛው ግን አልለመድ አለኝ።»
ከዚያ ሳቀ። «እኔን ደግሞ እናቴ
አይቸው ብላ ነው የሰየመችኝ።»

ሰኞ ሰባቱን መስመር ሰረዝኩ።
በቦታቸው ሁለት ቃል።
ግሪሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበው፤
ሊደግመው አፉን ከፈተ፣ ተወው።
«ስድቡ የታለ?» ያለ አልነበረም።
ዩቫል ብዙ ቆይቶ ለሠዓሊዎቹ ደወለ፦
«ፈረሱ ላይ ልጅ ሣሉ። አዎ፣ አዲስ። አዎ፣ ወጪውን አውቃለሁ።»

አሁን የቀጥቃጩን መልስ የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው።
ሦስት ጻፍኩለት፦ መልሶ መሳደብ፣ መዶሻ ማንሣት፣
ዝም ብሎ የተሰበረውን ሰይፍ መቀጠል።
ለአባቴ በስልኬ አሳየሁት። ጋሪው ገና እዚያው ነበር።
መነጽሩን አጥልቆ ደጋግሞ አነበበ፣
«አራተኛ የለውም?»
«አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»
ጋሪውን አቁሞ በአንድ ጣት ገፋው፤
ሳይንቋቋ ሄደ፣ እስከ በረንዳው ጫፍ።
«ሰይፉን ይሥራለት» አለ፤ «ዋጋውን ግን ጨምሪበት።»